የመልስ መንገድ ሙቀት

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የቀኝ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑት የሙቀቱ ወራት ሊገባ ሲል ነው። ሐኪሞቹ ሰው ሠራሽ ጉልበት አስገቡላቸውና በሳምንት ሦስት ቀን ለፊዚዮ እንዲመላለሱ አዘዙ። ፊዚዮ ማለት አንዲት ወጣት ሴት እግራቸውን ይዛ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ ደረጃ ታስወጣቸዋለች፤ እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነበር። አማቴ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኛ እዚያው ከተማ፣ ሮቫ ዩድ በሚባለው ሰፈር ነን። ባለቤቴ በሕፃናት መዋያ ረዳት ስለሆነች ጠዋት ትገባለች፤ መንዳትም አትችልም። እኔ ደግሞ አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማንሻ መኪና ስለምነዳና ሥራ የምገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማመላለሱ በእኔ ላይ ወደቀ።

አልከፋኝም። ግን ትንሽ ፈርቼ ነበር። እኔና አማቴ ከዚያ በፊት ለብቻችን ተቀምጠን አውርተን አናውቅም። በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በሰንበት እንገናኛለን፤ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ጤናቸውን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ እሳቸው ወደ ሽማግሎቹ እኔ ወደ እኩዮቼ። እሳቸው በሱዳን በኩል በእግር ከመጡት ናቸው፤ እኔ የመጣሁት ኋላ፣ በአውሮፕላን ተቀምጬ ነው። በእሳቸው ዓይን ይህ ራሱ ልዩነት ነበረው። ልጃቸውን ሲሰጡኝ «ሥራ የሚወድ ይመስላል» ብለው ነበር አሉ። «ይመስላል» የምትለዋ ቃል አሥር ዓመት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም።

መኪናዬ ነጭ ናት፣ አሮጌ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው የሸጠልኝ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ማዝጋኑማ በረዶ ነው» ብሎ። አየር ማቀዝቀዣን እዚህ አገር ሁሉም ሰው ማዝጋን ነው የሚለው፤ ሌላ የዕብራይስጥ ቃል የማያውቁ አሮጊቶች ሳይቀሩ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አማቴን ከደጃቸው ላይ ደግፌ አስገባኋቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን ደፍተዋል፣ ክራንቻቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመዋል። ማዝጋኑን ስጫን ከሞተሩ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም ቀዝቃዛ አየር ወጣ። አማቴ መዳፋቸውን ወደ አየሩ መውጫ አስጠግተው እንደ እሳት ሞቁት፣ በተቃራኒው።

«ይመችዎታል፣ አባ?»

«ተመስገን፣ ልጄ።»

ልጄ አሉኝ። ጥሩ አጀማመር ነው ብዬ አሰብኩ።

ከክሊኒኩ ስንመለስ ቀትር ሆኖ ነበር። መኪናዋ ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆማ መቀመጫው ይፋጃል። ማዝጋኑን ተጫንኩ። ቁልፉ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት በራች፣ ማራገቢያውም ነፋ፤ የሚወጣው አየር ግን የእቶን አፍ ነው። «ትንሽ ይታገሡ አባ፣ አሁን ይቀዘቅዛል» አልኳቸው። አንድ የትራፊክ መብራት አለፍን። ሌላ አለፍን። ላቡ ከባርኔጣቸው ሥር ወርዶ ቅንድባቸው ላይ ተንጠለጠለ። መስኮት ከፈትኩ፤ ከውጭ የገባው ከውስጡ የባሰ ነው።  ደጃቸው ስንደርስ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ለሌላ ጉዳይ ስወጣ ማዝጋኑ በረዶ ነው። አልፎለታል ብዬ ረሳሁት። በሁለተኛው የፊዚዮ ቀን ግን ያው ሆነ፤ ስንሄድ ብርድ፣ ስንመለስ እሳት።

«አባ፣ ማዝጋኑ ታሟል» አልኳቸው።

ወደ አረንጓዴዋ መብራት አዩ። «ጠዋት ደኅና ነበር።»

«አዎ፣ ጠዋት ደኅና ነበር።»

«አሁን ነው የታመመው?»

«አሁን ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መስኮቱ ዞሩ። የተናገርኩት እውነት ነው፤ ለራሴ ጆሮ ግን ውሸት መሰለኝ።

ጎንደር ሳለሁ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ቺንጋ አጥብቄያለሁ፣ ለራዲያተር ውሃ ቀድቻለሁ፣ መንገድ ላይ ጎማ ስለውጥ አድሬያለሁ። ስለዚህ መኪና አላውቅም የምል ሰው አልነበርኩም። የእነዚያ መኪኖች ማቀዝቀዣ ግን መስኮታቸው ነበር። ቤት ስደርስ ኮፈኑን ከፍቼ አንገቴን አስገባሁ። ፊውዙን አወጣሁት፣ አልተቃጠለም። ቺንጋውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ጠንካራ ነው። ከዚያ በላይ ምን እንደማይ አላውቅም። ኮፈኑን ዘግቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር ነበር። አማቴ ሕክምናቸውን ሲጨርሱ ወዲያው አይወጡም። የመጀመሪያ ቀን የክሊኒኩ አዳራሽ ውስጥ ገብቼ ልጠብቃቸው ስል «ውጭ ጠብቀኝ» ብለውኝ ስለነበር ከውጭ ነው የምቆመው። በመስታወቱ በኩል አያቸዋለሁ። ከመታከሚያው ክፍል ይወጡና ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እንደሳቸው ክራንች ከያዘ አንድ ሞሮኮአዊ ሽማግሌ አጠገብ ይቀመጣሉ። ግማሽ ሰዓት። አንዳንዴ ከዚያ በላይ። አማቴ ዕብራይስጣቸው ከሰላምታ አያልፍም፤ ሰውዬው ደግሞ አማርኛ ከየት ያመጣል? ታዲያ ምን የሚያጫውታቸው ነገር አለ እያልኩ ሰዓቴን አያለሁ። እሳቸውን አድርሼ፣ ምሳ ቀምሼ፣ አድ ሃሎም መድረስ አለብኝ። ሁለት ጊዜ ዘገየሁ። የፈረቃው ኃላፊ ሦስተኛ ጊዜ እንዳይደገም ነገረኝ። ይህን ለአማቴ መናገር ነውር ስለመሰለኝ ዋጥኩት። የዋጥኩት ነገር ግን ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም።

ፊዚዮ በሌለበት ቀን ጠዋት መኪናዋን ወደ አንድ ሙሳክ ወሰድኳት። ሙሳክ የመኪና ጥገና ቤት ነው። መካኒኩ ወጣት ነው፣ ማስቲካ ያኝካል። ሁለት ቱቦ ያለው መለኪያ ሰካ፣ የሙቀት መለኪያ አየር መውጫው ላይ ሸጎጠ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ሳቀ።

«ምን ጎደለህ? ከዚህ በላይ ከቀዘቀዘ እኮ ዓሣ ልትሸጥበት ነው። ጋዙ ሙሉ ነው።»

«ቀትር ላይ አይሠራም።»

«ቀትር ላይ ማን ይሠራል?» አለና ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

በሚቀጥለው የፊዚዮ ቀን ሥራ ስላልነበረኝ ብልጥ ልሁን አልኩ። ስንመለስ አማቴን ደጃቸው እንዳወረድኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ትኩስ አየር ፊቴን እየላሰኝ ቀጥታ ወደዚያው ሙሳክ ነዳሁ። እዚያ ስደርስ ሦስት መኪና ቀድሞኛል። «አጥፋውና ጥላው ሥር አስገባው» አሉኝ። አጠፋሁት። ኮፈኑን ከፍተው ተዉት። ከብዙ ጥበቃ በኋላ መካኒኩ መጥቶ አስነሳው። ቀጭ! በረዶ።

መካኒኩ አየኝ። እኔም አየሁት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሲያቃስት የሰነበተ በሽተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚጠፋበት ማለት ነው፤ ብቻ እዚህ ላይ በሽተኛዋ መኪናዋ፣ የሚያፍረው እኔ። ሰውዬው አዝኖልኝ መሰለኝ ባዶ እጄን አልሸኘኝም፤ ከፊውዞቹ አጠገብ ያለች ሪሌ የምትባል ትንሽ ጥቁር ሳጥን በአዲስ ቀየረልኝ። «ኤሌክትሪኩን ወደ ማዝጋኑ የምታሳልፈው እሷ ናት። አንዳንዴ ስትግል ትዘጋለች» አለኝ። ስትግል የሚለውን ቃል ስሰማ ልቤ ረጋ። በቃ፣ ተገኘ።

ከሁለት ቀን በኋላ ስንመለስ እውነትም ቀዘቀዘ። ያን ቀን ሰማዩ ደመናማ ነበር፣ ከባሕሩም ነፋስ ይመጣ ነበር፤ እኔ ግን ሪሌዋን ነው ያመሰገንኩት። አማቴ እጃቸውን ወደ አየሩ ዘረጉ፣ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ደጃቸው ሲወርዱ ነው የተናገሩት።

«ዛሬስ ደግ ነህ።»

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሻራቭ መጣ፤ ከበረሃ በኩል የሚነሳው፣ ሰማዩን ቢጫ የሚያደርገው ደረቅ ሙቀት። አማቴ ያን ቀን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጡ። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ደቂቃ እቆጥራለሁ። በመጨረሻ ወጥተው ሲገቡ በሩን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። ከክሊኒኩ እስከ ደጃቸው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት አይነገርም። አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ራሰ በራቸው በላብ ያበራ ነበር። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አላነሳሁም።

ያን ቀን ማታ ባለቤቴ ሳህን እያጠበች ሳትዞር፦

«አባቴን ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ።

«ምን አደረግኳቸው?»

«ደውሎ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ነው የምሄደው አለ።»

«በዚያ እግራቸው? ለምን?»

እጇን ጠራርጋ ዞረች። ስትናደድ የምታደርገውን አደረገች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስንሄድ እንደ ሰው ይይዘኛል፣ ስንመለስ ይቀጣኛል ነው ያለው። ጠዋት ማዝጋኑን ይከፍትልኛል፤ ካስጠበቅኩት ግን ይዘጋብኛል አለ። ሳላስጠብቀው ስቀር ብቻ ነው የሚከፍትልኝ አለ።»

 ደመናማው ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን በእርግጥም ብዙ አላስጠበቁኝም። «ዛሬስ ደግ ነህ» ያሉኝ ለዚያ ነበር ማለት ነው። ስለ ሪሌው፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ መካኒኩ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እየተናገርኩ ሳለ እኔው ራሴ አላመንኩትም። ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር አይሠራም፣ መካኒክ ፊት ይሠራል፣ አማቴ ፊት አይሠራም። እንዲህ ያለ ነገር ማን ያምናል?

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ» አለችኝ። «ዛሬ ስትመለሱ ተጭነኸው ነበር?»

«ምኑን?»

«ማዝጋኑን።»

አዎ ልል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ቆመ። በሩን መዝጋቴን አስታውሳለሁ፣ መሪውን መጨበጤን አስታውሳለሁ፣ አረንጓዴዋን መብራት ግን አላስታውስም። በርታ ነበር? እጄ ሄዶ ነበር? አላውቅም። እስከ ዛሬም አላውቅም።

«መሰለኝ» አልኳት።

«መሰለኝ?» አለችና ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

በሚቀጥለው የፊዚዮ ቀን ጠዋት እቤታቸው ስሄድ በሩ ዝግ ነው። አማቴን ያገኘኋቸው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው፤ ክራንቻቸውን ተደግፈው፣ ቀጥ ብለው፣ ወደ መንገዱ እያዩ። ዝቅ ብዬ በመስኮቱ ተጣራሁ።

«አባ፣ እባክዎ ይግቡ።»

«አትቸገር። ሥራህን ሥራ።»

«ችግር የለም፣ አባ። ማዝጋኑም እየሠራ ነው፤ ይኸው፣ በረዶ ነው።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። «ጠዋት አይደል? ጠዋትማ ይሠራል» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ከኋላዬ አውቶቡሱ ደርሶ ጥሩምባውን ለቀቀው። ማቆሚያው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ እኔን ያያሉ። አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት በእጇ ሂድ፣ ሂድ ትለኛለች። ሄድኩ። በመስታወቱ ሳይ ሾፌሩ ወርዶ አማቴን እየደገፈ ያስገባቸው ነበር። አንድ የማያውቃቸው ሾፌር።

ከዚያ በኋላ መኪናዬን መጠገን የመኪና ጉዳይ መሆኑ ቀረ። መጋዘን ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እጠይቅ ነበር። አንዱ ጋዙ በዝቶ ነው ይለኛል፣ ሌላው ጋዙ አንሶ ነው፤ አንዱ ሞተሩ ስለሚግል ማዝጋኑ ራሱን ያጠፋል ይለኛል፤ የሞተሩን ሙቀት አየሁ፣ ልከኛ ነው። አንዱ ሽጠህ ተገላገል አለኝ። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ የጭነት መኪና ሾፌር «ይህ የመካኒክ ሥራ አይደለም፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈልግ» ብሎ አድ ሃሎም፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማይርቅ አንድ ጠባብ ቤት ጠቆመኝ።

ባለሙያው ከካውካዝ ተራሮች የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ዕብራይስጡ እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ ወዲያው ተግባባን። መጀመሪያ የሄድኩት ጠዋት ነበር። ነገሩን ሰምቶ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም።

«ደኅና ሳለ አታምጣልኝ» አለኝ። «ታሞ ሳለ አምጣው። ሞተሩንም እንዳታጠፋ።»

የሥራ እረፍት ባለኝ ቀን መኪናዋን ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አቁሜ አጋልኳት፣ ከዚያ ከተማውን ዞርኩባት። ትኩስ አየሩ መምጣት ሲጀምር ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እየበረርኩ ሄድኩ። ሽማግሌው ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፈተ። ከሞተሩ በታች በኩል ቺንጋው የሚያዞረውን አንድ ፑሌጃ፣ ክብ መዘውር፣ አሳየኝ።

«ይህ የማዝጋኑ ጋዝ መጭመቂያ ነው። ፑሌጃው ሁልጊዜ ይዞራል። ፊቱ ላይ ያለው ሳህን ይታይሃል? እሱ አይዞርም።»

እውነትም ፑሌጃው ይከንፋል፣ ሳህኑ ግን ቆሟል። ሽማግሌው በገመድ የተያያዘች የመፈተሻ መብራት ሽቦው ላይ ነካ አደረገ፤ በራች። «ኤሌክትሪኩ ደርሷል። ታዲያ ለምን አይይዝም?» አለና የመጥረጊያ እንጨት አነሳ። «አንተ ቤትህ እንዳትሞክረው» ብሎ በእንጨቱ ጫፍ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ቀጭ! ሳህኑ ፑሌጃው ላይ ተጣብቆ አብሮት መዞር ጀመረ። መኪናው ውስጥ ገብቼ እጄን አየሩ ላይ አደረግኩ። ቀዝቃዛ።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ምንም። ማዝጋንም የራሱ ፍሪሲዮን፣ የሚያያይዝና የሚያላቅቅ ነገር፣ አለው። ስትጫነው መግነጢስ ሳህኑን ይስበዋል። በመሃላቸው ያለው ክፍተት የጥፍር ውፍረት ያህል መሆን አለበት። ያንተ ሳህን በዕድሜ ብዛት ተበልቷል፣ ክፍተቱ ሰፍቷል። ሲቀዘቅዝ መግነጢሱ ጉልበት ስላለው ይስበዋል። ሲግል ይደክማል፤ ይስባል ግን አይደርስበትም። ከሳህኑ ሥር አንዲት ስስ ሮንዴላ፣ የብረት ቀለበት፣ አለች። እሷን ካወጣኋት ሳህኑ ይጠጋል። በቃ።»

ያ ሁሉ ጣጣ በጥፍር ውፍረት ክፍተት! መፍቻውን ሲያነሳ ክንዱን ያዝኩት።

«አሁን እንዳትነካው!»

እንደ እብድ አየኝ።

«ሳይጠገን ማየት ያለበት ሰው አለ። አሁን አመጣዋለሁ።»

«ማን ነው? ዳኛ ነው?»

«አማቴ ናቸው።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ሂድ፣ አምጣው» አለኝ።

አማቴ በር ከፍተው ደፉ ላይ ቆሙ። እኔም ብዙ ማስረዳት አልሞከርኩም። «አባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብረውኝ ይምጡ። አንድ ነገር ላሳይዎት ነው። ሙቀት አለው፣ ከአሁኑ ልንገርዎት» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ኮታቸውን አነሱ። መኪናው ውስጥ ማዝጋኑን እያዩኝ ተጫንኩት፤ አረንጓዴዋ መብራት መብራቷን በጣቴ አሳየኋቸው። እሳት ወጣ። በመንገዱ ሁሉ ሁለታችንም ያችን መብራት ነበር የምናየው።

ሽማግሌው ለአማቴ ወንበር አወጣላቸው። እጅ ተነሣሡ፤ የማይግባቡ ሽማግሎች የሚነሣሡት አነሣስ፣ ረዘም ያለ። ከዚያ ሥራውን አሳየ። ሳህኑ ቆሟል። በእንጨቱ ገፋው፤ ቀጭ። ማዝጋኑን አጥፍቶ መልሶ ከፈተው፤ ሳህኑ ቆመ። እንደገና ገፋው። እኔ እያንዳንዷን ነገር ወደ አማርኛ መለስኩ። አማቴ አንገታቸውን አስግገው አዩ፣ «ድገመው በለው» አሉ። ደገመው። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አሉ። አሁንም ደገመው።

ሽማግሌው ሞተሩን አጥፍቶ ብረቱ እስኪበርድ ድረስ ወደ ውስጥ ገባ። እኔና አማቴ ጥላው ሥር ቀረን። አሁን ይስቃሉ፣ ይቅርታ ይላሉ፣ ነገሩ ያበቃል ብዬ ጠበቅሁ።

«ማሽኑ ገባኝ» አሉ። «አንተ ግን ተቆጥተህብኝ ነበር ወይስ አልነበርክም?»

ይህን አልጠበቅኩም። ማስረጃዬ ሁሉ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ግን አልነበረም።

«አባ፣ ማዝጋኑ...»

«ማዝጋኑን አይቻለሁ። አንተን ነው የምጠይቅህ።»

መሬት መሬት አየሁ። «ተቆጥቼ ነበር» አልኳቸው። «ሥራ ዘገየሁ። ኃላፊው አስጠነቀቀኝ። እርስዎ ደግሞ ከዚያ ሰውዬ ጋር ሲጫወቱ...»

«ከማን ጋር ስጫወት?»

«ከሞሮኮው ሽማግሌ ጋር። አግዳሚው ላይ።»

 አማቴ ክራንቻቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ አዛወሩ። «እኔና እሱ አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም» አሉኝ። «ልጅቱ እግሬን አጣጥፋ ስትለቀኝ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ቆሜ መሄድ አልችልም። የሱም እንደኔው ነው። እስኪበርድልን ቁጭ እንላለን። እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ ብዬ ነው ውጭ ጠብቀኝ ያልኩህ።»

እስከ ሱዳን ድረስ በእግራቸው የተጓዙ ሰው ናቸው። ከአዳራሹ በር እስከ መኪናዬ ያለችው መንገድ ያቃተቻቸው መሆኗን እንዳላውቅባቸው ነበር ያ ሁሉ። እኔ ደግሞ ስቆጥረው የኖርኩት ደቂቃ ነበር።  ይቅርታ ያድርጉልኝ ልበል? ይቅርታ የምጠይቀው ለየትኛው ነው? ላላደረግኩት ነው ወይስ ላሰብኩት?   እሳቸው «በቁጣ ነድደህ እንኳ አደረስከኝ፤ መንገድ ላይ አልጣልከኝም» አሉ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባኝም።

ባለሙያው ተመልሶ መጣ። መሃል ያለውን ብሎን ፈታ፣ ሳህኑን አወጣ፣ ከሥሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳች ቀለበት በመዳፉ ላይ አድርጎ ለአማቴ አሳያቸው። በጣታቸው ነካ አደረጓት። ሳህኑን መልሶ አሰረ፣ በመሃሉ ስስ የብረት ምላስ አስገብቶ ክፍተቱን ለካ። ሞተሩን አስነስቶ እስኪግል ጠበቅን። ተጫንኩት። ያለ እንጨት፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ ቀጭ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ በረዶ ነበር። እኔ እንደ ሙሽራ ነው የምነዳው። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አማቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑ።

«ይህን ነገር ቀንስልኝ» አሉኝ። «ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ ያለውን ብረት ይነካብኛል።»

«ጠዋት ጠዋት ግን ይመችዎት ነበር።»

«አንተ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው እንጂ።»

መኪናውን ዳር ይዤ ልስቅ ወይም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ማዝጋኑን ዝቅ አደረግኩ፤ መስኮቱንም በሳቸው በኩል ትንሽ ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነበር የምንሄደው፤ ማዝጋኑ በእኔ በኩል፣ መስኮቱ በእሳቸው በኩል።

ለፈረቃው ኃላፊ እውነቱን ነገርኩት፤ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሰዓት ተቀያየርን። በፊዚዮ ቀን ውጭ መቆሙን ትቼ ከአግዳሚው ጫፍ እቀመጥ ጀመር። አማቴ አልከለከሉኝም፤ ብቻ ኮታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ይጥላሉ። ሦስታችን ቁጭ እንላለን። የሚናገር የለም። ሞሮኮአዊው ሽማግሌ ከኪሱ ለውዝ ያወጣና በየመዳፋችን ትንሽ ትንሽ ያደርግልናል።

ባለቤቴ ያን ሰሞን አባቷን «ታረቃችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተጣልተን ነበር እንዴ?» አሏት።

ወደ እኔ ዞረች። እኔም ትከሻዬን ነቀነቅኩ፤ ምን ልበላት? ለእኔም በቅጡ አልገባኝም።

ሙቀቱ ሲለሳለስ ፊዚዮው አበቃ። ከአዲሱ ዓመት በዓላት በኋላ አንድ ሰንበት ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ ሳለ ጮኸች። ወጣሁ። አማቴ ከሮቫ ቴት ተነስተው በእግራቸው መጥተው ከሕንፃችን ማዶ ቆመዋል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ክራንቹ የለም፣ አንዲት ከዘራ ብቻ። መንገዱ ነፃ ነው፣ መኪና የለም፤ እሳቸው ግን ግራና ቀኝ አይተው ነው የተሻገሩት። ውሃ ጠጡ፣ ምሳ በሉ፣ ትንሽ ጋደም አሉ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ልሸኝዎት ብዬ ተነሣሁ። በሰንበት መኪና አንነዳም፤ ጎን ለጎን ወጣን። እሳቸው በከዘራቸው፣ እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ በዝግታ።